ለቀቅ ያለ የውሃ ቀለም ፖርትሬት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለቀቅ ባለ እጅ የተሠራ የውሃ ቀለም ፖርትሬት (የሰው ፊት ሥዕል) ሲያዩት በጥድፊያ የተሠራ ስለሚመስል፣ ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ስህተት የሚፈጽሙት ገና ብሩሽ ከማንሳታቸው በፊት ነው፤ ንድፉን ይዘሉታል። ቀለሙ እንዲፈስ በነፃነት መልቀቅ የሚቻለው ግን ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ብቻ ነው። የዓይኖች መስመር በራስ ቁመት እኩሌታ ገደማ እንደሚያርፍ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀትም ከአንድ ዓይን ስፋት ጋር እንደሚቀራረብ አስታውሶ በስሱ በእርሳስ መለካት ጊዜ ማባከን አይደለም። በፈጣን ብሩሹ የሚታወቀው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት (1856–1925 እ.ኤ.አ.) እንኳ በበርካታ የውሃ ቀለም ሥራዎቹ ላይ ከቀለሙ ሥር የእርሳስ መስመሮቹ ይታያሉ።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ነገር በመስመር መክበብ ነው። ዓይናችንን ያሟሸነው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመሆኑ ይህ ልማድ በእኛ ላይ የሚበረታ ይመስለኛል። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ኃጥኡ ደግሞ በአንድ ዓይኑ በጎን በሚሣልበት በዚያ ትውፊት ጥቁሩ መስመር የሥዕሉ አጥንት ነው፤ ጉድለት አይደለም። ለቀቅ ያለ የውሃ ቀለም ግን የሚያምረው አንዳንድ ጠርዞች ሲጠፉ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ቡና የምትቀዳ ሴት ለመሣል ቢነሡ፣ ከአገጯ ሥር ያለውን ጥላ ከአንገቷ ጥላ የሚለይ መስመር አያስፈልግዎትም፤ ሁለቱ ገና እርጥብ ሳሉ ቢገናኙ የተመልካቹ ዓይን አገጩን በራሱ ይጨርሰዋል። ነጠላውም በነጭ ቀለም አይሠራም፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። በቀጭን ሰማያዊ የተጣሉ ሁለት ሦስት እጥፋቶችና ጥበቡን የሚያመለክቱ ጥቂት የብሩሽ ንክኪዎች ይበቁታል። ጥርት ያለ ጠርዝ የሚፈለገው የተመልካች ዓይን እንዲያርፍበት በሚሹት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ብርሃን ባገኘው ዓይን አካባቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የቆዳ ቀለም ነው። በኢንተርኔት የሚገኙት አብዛኞቹ ትምህርቶች የሚያሳዩት ለነጣ ቆዳ የሚሆን የሮዝና የቢጫ ቅልቅል ስለሆነ፣ የእኛን ሰው የሚሥል ጀማሪ ያንን ቅልቅል ለማጥቆር ሲል ጥቁር ይጨምርበታል፤ ወይም በርንት አምበር የተባለውን ጠቆር ያለ ቡናማ ከቱቦው እንዳለ ይቀባዋል። በሁለቱም መንገድ ፊቱ የሞተ ይሆናል። በርንት ሴና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ የሎ ኦከር (አፈር የመሰለ ቢጫ)፣ አሊዛሪን ክሪምሰን (ጥልቅ ቀይ) እና አልትራማሪን ሰማያዊ ካሉ ከጠይም እስከ ጥቁር ያለውን የቆዳ ቀለም ሁሉ ማውጣት ይቻላል፤ ጥልቁም ጥላ ከበርንት ሴናና ከአልትራማሪን ቅልቅል ይገኛል። ጠቆር ያለን ፊት ልብ ብለው ቢመለከቱት፣ ከቤት ውጭ በግንባሩና በጉንጩ አጥንት ላይ የሚያርፈው ብልጭታ የሰማዩን ቀለም ስለሚወስድ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ነጭ የሚባል አይደለም። ከዚህ ጋር የሚሄደው ስህተት ደግሞ ፍርሃት ነው። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይደበዝዛልና፣ በመጀመሪያው ንብርብር ከሚፈልጉት በጥቂቱ ያጥቁሩት። ፈራ ተባ እያሉ በቀጫጭን ንብርብር መደራረብ ፊቱን ያጨቀየዋል።

የውሃውን ጊዜ አለማወቅም ብዙ ሥራ ያበላሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗና የበጋው አየር ደረቅ በመሆኑ፣ በታኅሣሥና በጥር ቀለሙ ጠርዙን ሳያለሰልሱት ይደርቅብዎታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ያው ቀለም እንደረጠበ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በበጋ ወረቀቱን ከጀርባውም ጭምር ማርጠብ፣ ወይም ፊቱን በከፊል በከፊል መሥራት ይበጃል። በማንኛውም ወቅት ግን የወረቀቱ የእርጥበት ብልጭታ መጥፋት ሲጀምር እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ውሃ የበዛበት ብሩሽ ከነካው ቀለሙ ተገፍቶ በጉንጭ መሐል እንደ አበባ ጎመን የተቦጫጨቀ ጠርዝ ይሠራል። በእርጥብ ወረቀት ላይ ሲሠሩ ብሩሹ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ደረቅ ያለ ይሁን።

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አያሻም። ቀጭን ወረቀት ይጨማደዳል፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ተመራጭ ነው። ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ ለአራት ቆርጦ መጠቀም፣ ትልቅና ርካሽ ወረቀት ከመግዛት ይሻላል። ብሩሹ ደግሞ ጫፉ የሚሾል ወፍራም ይሁን፤ በቀጭን ብሩሽ የጀመረ ሰው ሳያስበው ሽፋሽፍት መቁጠር ይጀምራል።

በፒያሳ ወይም በአራት ኪሎ መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚሥሉ ከሆነ እኩለ ቀንን ይሽሹ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝና በቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ፣ የዓይን ጉድጓዶች ጠቁረው ፊቱ ጭምብል ይመስላል። ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ያለው የጎን ብርሃን ግን ፊቱን በግልጽ ለብርሃንና ለጥላ ይከፍለዋል።

የመጨረሻው ስህተት አለማቆም ነው። ያልወደዱትን ቦታ ገና እርጥብ ሳለ በሶፍት ጠቅ አድርገው ያንሡት፤ ከደረቀ ግን አይነካኩት። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ከክፍሉ ማዶ ይዩት፤ ከዚያ ርቀት ሰውየው ከታወቀ ብሩሹን ይጠቡና ሌላ ወረቀት ያዘጋጁ።