በውሻ ሳል ክትባት ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ብዙ ሰው ውሻውን ከውሻ ወደ ውሻ ለሚተላለፈው ሳል የሚያስከትበው ሻንጣውን እየሸከፈ ነው። ነገ ጉዞ አለ፣ ውሻው ማቆያ ሊገባ ነው፣ ማቆያው ደግሞ የክትባት ወረቀት ጠይቋል፤ እንግዲያው ጠዋት ተከትቦ ማታ ይግባ ይባላል። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። በአፍንጫ የሚሰጠው ጠብታ ፈጣን ቢባልም መከላከል እስኪጀምር ሦስት ቀን ገደማ ይፈልጋል። በመርፌ የሚሰጠው ዓይነት ለጀማሪ ውሻ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወጋል፤ መከላከያውም የሚጠነክረው ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ነው። አንዱን ብቻ ተወግቶ የቀረውን ውሻ እንዳልተከተበ መቁጠር ይሻላል። ወረቀቱ በሩን ያስከፍታል እንጂ ሳሉን አይመልስም።

ጠብታውንና መርፌውን አንድ አድርጎ ማየትም አደገኛ ነው። ጠብታው የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቦርዴቴላ የተባለ ባክቴሪያ ይዟል፤ የሚሠራውም በሽታው በሚገባበት በር፣ በአፍንጫ የውስጥ ሽፋን ላይ ነው። በስህተት ከቆዳ ሥር ቢወጋ መግል የቋጠረ እብጠት፣ አልፎ አልፎም ከባድ የጉበት ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም። ውሻው አንቲባዮቲክ እየወሰደ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገረው፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ራሱን ሊገድለው ይችላል። በቤት ውስጥ የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለም መናገር ያስፈልጋል፤ የተከተበ ውሻ ባክቴሪያውን ለጊዜው በአፍንጫው ሊያወጣ ስለሚችል ሐኪሙ መርፌውን ይመርጥ ይሆናል።

ጠብታው በገባ ቅጽበት ውሻው ራሱን አራግፎ ያስነጥሳል፤ ባለቤቱም «ሁሉም ወጣ!» ብሎ ይደነግጣል። ጥቂት መረጨቱ ክትባቱን ከንቱ አያደርገውም። በቀጣዮቹ ቀናት ቀለል ያለ ማስነጠስ ቢታይም የተለመደ ነው።

«የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል» ማለት ለሳሉ መልስ አይሆንም፤ በሽታው ሌላ፣ ክትባቱም ሌላ ነው።

የተከተበ ውሻ ከቶ አይስልም ብሎ መተማመንም ስህተት ነው። ሳሉን ቦርዴቴላ ብቻ ሳይሆን ፓራኢንፍሉዌንዛን የመሳሰሉ ቫይረሶችም ያመጡታል። ክትባቱ በአብዛኛው የሚያደርገው ሕመሙን ማቅለል ነው። ሳሉ ደረቅና አናቂ ስለሆነ ብዙዎች አጥንት ተሰንቅሮበት ይመስላቸውና ጣታቸውን ጉሮሮው ውስጥ ይሰዳሉ። በዚህ ጊዜ ለማስከተብ መሮጥ ረፍዷል፤ ክትባት የጀመረን ሳል አያድንም። ይልቅ ከሌሎች ውሾች ይለይ፣ የአንገት ማሰሪያው ወልቆ በደረት ማሰሪያ ይተካ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ምግብ ከተወ በፍጥነት ሐኪም ይየው። ወደ ክሊኒኩ ሲኬድም ቀድሞ መደወል ነው፤ የሚስል ውሻ በመጠበቂያ ክፍል ከተቀመጠ ሳሉን ለጎረቤቱ ያድላል።

በክትባት ደብተሩ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፎ መተውም አለ። ማጠናከሪያው በአብዛኛው በየዓመቱ ስለሚሰጥ፣ ጠብታ ይሁን መርፌ፣ ስንተኛውም እንደሆነ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሐኪም ከመጀመሪያው ሊጀምር ነው።