ጡረታንና ድጋፍን ይዞ ወደ ጅማ መዛወር

መጀመሪያ የሚቀበሉት ገንዘብ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የጤና ጉድለት ወይም የሥራ ላይ ጉዳት ጡረታ በፌዴራል አዋጅ የተሰጠ መብት ነው፤ ክልል ስለቀየሩ አይቋረጥም። መሥራት ለማይችሉ ችግረኞች የሚሰጠው የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ግን በቀበሌ ምልመላ የሚገኝ በመሆኑ አብሮዎት አይጓዝም። ጅማ ላይ እንደ አዲስ መመልመል ይጠይቃል፤ ስለዚህ የጥቂት ወራት መቋቋሚያ ሳይዙ አይነሡ።

ከሚለቁት ቀበሌ መሸኛ ያውጡ። ያለ እሱ የጅማ ነዋሪነት መታወቂያ ማግኘት ጣጣ ነው፤ መታወቂያ ከሌለ ደግሞ የሴፍቲኔት ምዝገባውም አይኖርም። የጡረታ መታወቂያዎንና የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔውን ኦሪጅናል በእጅ ይያዙ፣ ኮፒውን በሌላ ቦርሳ።

ጡረታው በባንክ የሚገባ ከሆነ ሒሳቡን አይዝጉ፤ ጅማ ባለው የዚያው ባንክ ቅርንጫፍ ማውጣት ይቻላል። አድራሻ መቀየርዎን ግን ለማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በስም ነው። ጅማ የኦሮሚያ ከተማ ናትና መታወቂያው በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ይጻፋል። «ጫልቱ» በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፤ የባንክ ደብተሯ ላይ ግን «ሲ-ኤች» ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከፋዩ ሁለቱን አስተያይቶ ይመልሳታል። ስለዚህ ቀበሌው መታወቂያውን ከማተሙ በፊት የባንክ ደብተሩን ወይም ፋይዳውን (ብሔራዊ መታወቂያውን) አሳይተው አንድ ዓይነት ያስጽፉ። ከታተመ በኋላ ማስተካከል ሌላ ምልልስ ነው።

የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ማመልከቻ በዚያው ቢገባ ጉዳዩ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። መንቀሳቀስ የሚያዳግትዎ ከሆነ ውክልና ይስጡ፤ «ጡረታ እንዲቀበልልኝ» የሚለው ቃል በግልጽ ይግባበት።