ለጀማሪ ታዳጊ የዌክቦርድ ዕቃ በአነስተኛ ወጪ አመራረጥ

በሚኒሶታ በረዶው ቀልጦ ሐይቆቹ ለጀልባ ሲከፈቱ፣ ብዙ ታዳጊዎች ጀልባ ካላቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የዌክቦርድ ግብዣ ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። ስፖርቱ ሁለቱን እግር በአንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ፣ ከጀልባ የተዘረጋ ገመድ ይዞ ውኃ ላይ መንሸራተት ነው። ሐይቅ ዳር ላላደገ ወላጅ ዕቃው ሁሉ እንግዳ በመሆኑ፣ ሱቅ ሲገባ በቅድሚያ ዓይኑን የሚስበው በሥዕል ያሸበረቀው ሰሌዳ ነው። የእኔ ምክር ግን ገንዘቡ የልጁን ገላ ለሚይዙት ለሕይወት ጃኬቱና ሰሌዳው ላይ በብሎን ለሚታሰረው ጫማ እንዲውል፣ ቁጠባው ደግሞ ከሰሌዳው እንዲመጣ ነው።

በሕይወት ጃኬት ላይ ፈጽሞ መቆጠብ አይገባም። በአሜሪካ ሲገዛ ኮስት ጋርድ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ያጸደቀው መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ በውስጠኛው በኩል ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መልካቸው ተመሳሳይ ሆኖ የውድቀትን ምት ለማብረድ ብቻ የተሠሩ፣ የማንሳፈፍ አቅማቸው በዚህ ደረጃ ያልተረጋገጠ ቀጫጭን ሰደርያዎችም ይሸጣሉ። መጠኑ የሚመረጠው በዕድሜ አይደለም። ከ50 እስከ 90 ፓውንድ የሚመዝን ልጅ የታዳጊ መጠን ይለብሳል፤ ከ90 ፓውንድ፣ ማለትም ከ41 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ የሆነው ግን፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ቢሆንም፣ ደረቱ ተለክቶ የአዋቂ ጃኬት ይገዛለታል። ማሰሪያዎቹ ሁሉ ከጠበቁ በኋላ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት እስከ አገጭና ጆሮ የሚወጣ ከሆነ ሰፊ ነው። «ያድግበታል» ብሎ ሰፋ ያለ መግዛት ለካፖርት የሚያገለግል የቆየ ልማዳችን ነው፤ ውኃ ውስጥ ግን ሰፊ ጃኬት በልጁ ጭንቅላት በኩል ሊሾልክ ይችላል። ከናይለን የተሠራው ኒዮፕሪን ከሚባለው ለስላሳ ጎማ ከተሠራው ይረክሳል፣ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። ያገለገለ ጃኬት ግን አልመክርም፤ ውስጡ ያለው ፎም በፀሐይና በመጨፍለቅ ምን ያህል እንደተጎዳ ከውጭ አይታይምና።

ለእድገት አስቦ መግዛት የሚያዋጣው በጫማው ላይ ነው። ከጣት በኩል ክፍት የሆኑት ጫማዎች በማሰሪያ እየጠበቁና እየላሉ በርካታ ቁጥሮችን ስለሚያስተናግዱ፣ እግሩ በየወሩ የሚያድግ ልጅ ከአንድ ወቅት በላይ ይጠቀምባቸዋል፤ ወንድምና እህትም በየተራ ሊያደርጓቸው ይችላሉ። ጣት የሚሸፍኑት ለአንድ ቁጥር ብቻ የሚሠሩ በመሆናቸው ለጀማሪ ታዳጊ አይመረጡም። ልጁ ጫማውን አስሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ ሲቆም ተረከዙ መነሳት የለበትም። ከመጠን በላይ የላላ ጫማ በውድቀት ጊዜ አንዱን እግር ለቆ ሌላውን ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት የሚጎዱት በዚህ ዓይነት አጋጣሚ ነው።

ሰሌዳው የሚመረጠው በክብደት ነው። እስከ 45 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ልጅ ከ130 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ከ45 እስከ 68 ለሚመዝን ከ130 እስከ 135፣ ከዚያ በላይ እስከ 80 ኪሎ ለሚደርስ ደግሞ ከ135 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ይስማማል። ልጁ በሁለት መጠኖች መካከል ከሆነ ረጅሙን ይውሰዱለት፤ ረጅም ሰሌዳ ልጁን ከውኃ ቶሎ ያነሣዋል፣ ሚዛንም ይሰጠዋል። የሥሩ ጉብጠት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ ቢሆን ውኃውን በለስላሳው ያልፋል፤ ከሥሩ ፊን የሚባሉት ትንንሽ ክንፎች ቢኖሩት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ሁለቱ ጫፎቹ ተመሳሳይ ቢሆኑ የትኛውን እግር ማስቀደም እንደሚመቸው ገና ላላወቀ ልጅ ይረዳል።

አዲስ የጀማሪ ሰሌዳ ከነጫማው በአብዛኛው ከ300 እስከ 450 ዶላር ይደርሳል። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ሱቆች ያለፉ ዓመታት ሞዴሎችን በቅናሽ ስለሚያወጡ፣ ለመጪው ዓመት የሚያስብ ወላጅ ያን ጊዜ ቢጠብቅ ይጠቀማል። ያገለገለ ሲገዛ የሰሌዳውን ጠርዝ በጣት እየዳሰሱ ስንጥቅ መፈለግ፣ ገጹንም ጫን ጫን እያሉ የሚሰረጉድ ወይም የለቀቀ ቦታ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ በስንጥቁ ውኃ የገባበት ሰሌዳ ይከብዳል፣ ውሎ አድሮም ይላቀቃል። ከሁሉ በላይ ጫማው የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች ይፈትሹ። ብሎኑን በእጅዎ ሲያዞሩት ጥርሱ የማይዝ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። የደረቀና የተሰነጣጠቀ የጫማ ጎማም እንዲሁ ነው።

ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባው ባለቤት ዘንድ ስለሚገኝ ሳይጠይቁ አይግዙ፤ የሚገዛ ከሆነ ግን የማይለጠጥ፣ ለዌክቦርድ የተሠራ ይሁን። በጀልባ ፈንታ በኬብል ለሚጎትቱ ፓርኮች የውኃ ስፖርት ሄልሜት ያስፈልጋል፤ የብስክሌቱ አይተካውም። እነዚህ ፓርኮች ሰሌዳ፣ ጃኬትና ሄልሜት በአንድነት ስለሚያከራዩ፣ ልጁ ስፖርቱን መውደዱ እስኪታወቅ እዚያ መሞከሩ ከሁሉ ያነሰ ወጪ ነው። በግንቦትና በሰኔ የሐይቁ ውኃ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚለበሰውን የኒዮፕሪን ልብስ ግን ያገለገለ መግዛት ምንም ጉዳት የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ ይዞ መሄድ፣ ብሎኖቹንም ከመነሣት በፊትና ከጥቂት ዙር በኋላ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ጀልባ ነጂውም በሰዓት ከ16 እስከ 19 ማይል ባለው ፍጥነት እንዲነዳ ልጁ ውኃ ውስጥ ሳይገባ ይነገረው።