«ያድግበታል» አትበሉ፦ ለመለሎ ሕፃን ሱሪ ሲገዛ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት በአንድ እጇ የ3 ዓመት ልጇን፣ በሌላው እጇ የልጁን ሱሪ ወገብ ይዛ ስፌት ቤቴ ገባች። ሱሪውን ብትለቀው ይወርዳል፤ ልጁን ብትለቀው ይሮጣል። ሁለቱንም እንደያዘች «እትዬ፣ እባክዎ መላ ይበሉኝ» አለችኝ።

ልጁ መለሎ ነው። ቁመቱ የ4 ዓመት ልጅ ያህላል፤ ወገቡ ግን ገና የ2 ዓመት ልጅ ወገብ ነው። ስሟን ከቅጥነቷ ያገኘችው ቀጭኔ ብታየው ዘመዴ ትለው ነበር። በስፌት ሥራ 20 ዓመት አልፎኛል፤ ለጥገና ከሚመጣልኝ የልጆች ሱሪ የሚበዛው የእነዚህ የቀጫጭኖቹ ነው። ስህተቱ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፤ አሁንስ መናገር ሰልችቶኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

«ያድግበታል»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ቃል ነው። ሱሪው ለወገብ ሰፍቷል። እናት ታመነታለች፤ ሻጩ «ያድግበታል» ይላል፤ አባት «እውነቱን ነው፣ ያድግበታል» ብሎ ገንዘቡን ይቆጥራል፤ ቤት ሲደርሱ አያት አይታ «ምን ችግር አለው፣ ያድግበታል» ትላለች። ምኑ ነው የሚያድገው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይጥፋ?

በዚህ ዕድሜ የሚያድገው እግር ነው። ከ2 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ልጅ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ወገቡ በዚያው ዓመት ቢጨምር አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀጭኑ ልጅ ያንንም ላይጨምር ይችላል፤ የሕፃንነት ሆዱ እየጠፋ ይሄዳላ። የአውሮፓን የልብስ ቁጥር ተመልከቱ። 92፣ 98፣ 104 እያለ ይወጣል፤ ቁጥሩ የልጁ ቁመት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቁመት በ6 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ ወገብ የሚሰፋው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ልብሱን የሚቆርጡት ሰዎች ወገብ ከእግር ጋር እኩል እንደማይሮጥ ያውቃሉ፤ የማናውቀው እኛ ነን።

እንግዲህ ወገቡ በ6 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ሱሪ ተገዛ እንበል። ልጁ ወገቡን እስኪሞላው ድረስ እግሩ ሱሪውን ጥሎት ሄዷል። ሱሪው መጀመሪያ ለወገብ ይሰፋል፣ በኋላ ለእግር ያጥራል፤ በመካከሉ ልክ የሆነበት አንድ ቀን አይገኝም።

ጉዳቱ በወገብ ቢያበቃ እኔም ዝም ባልኩ ነበር። ሁለትና ሦስት ቁጥር ከፍ ያለ ሱሪ የእግሮቹ መገናኛ ወደ ጉልበት ይወርዳል። ልጁ ደረጃ ለመውጣት እግሩን ማንሣት ያቅተዋል፤ ሲሮጥ ጨርቁ እግሩን ይተበትበውና በግንባሩ ይደፋል። አንድ አባት «ልጄ በየደቂቃው ይወድቃል፣ እግሩ ላይ የሆነ ነገር ሳይኖር አይቀርም» ብሎ በጭንቀት ሲያወራኝ የልጁን ሱሪ አየሁት። መገናኛው ከጉልበቱ አራት ጣት ብቻ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። እኔም ብለብሰው እወድቃለሁ።

ለሹራብና ለጃኬት «ያድግበታል» በሉ፤ እጅጌ ይጠቀለላል። ለሱሪ ግን ለርዝመቱ ሲባል አንድ ቁጥር ብቻ ከፍ በሉ፤ እርሱም ወገቡ የሚሰበሰብ ከሆነ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ሹራብ እጅጌ ቁርጭምጭሚትን ያዝ የሚያደርግ ቱታ ለእነዚህ ልጆች ከተሠራው ሁሉ ይሻላል። ትርፉ ርዝመት እላዩ ላይ ተሰብስቦ ይቆያል እንጂ መሬት አይጠርግም፤ ልጁ ሲረዝምም በራሱ ይዘረጋል።

«የ3 ዓመት ስጪኝ»

ዕድሜ የልብስ ልክ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው የሕፃናት ዕድገት መለኪያ የ3 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 96 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ የ4 ዓመት ደግሞ 103። የእናንተ ልጅ በ3 ዓመቱ 103 ከደረሰ፣ የ3 ዓመት ሱሪ ገና ከሱቁ ሳይወጣ አጥሮታል።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ በአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። የቱርኩ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ነው። የቻይናው 90፣ 100፣ 110 ይላል፤ ይህ ቁመት ነው። አንድ ደንበኛዬ 100 የሚለውን አንሥቶ «ይሄማ የእኔ ነው» ብሎ ሰቀለውና 90 የሚለውን ገዝቶ መጣ። ልጁ 101 ሴንቲ ሜትር ነበር። አሜሪካ ያለችው አክስት የምትልከው ላይ ደግሞ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቲ» የሚል ፊደል አለ፤ 2ቲ፣ 3ቲ። ለትንንሾቹ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም መቀመጫው ለዳይፐር ታስቦ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። ዳይፐር የተወ ቀጭን ልጅ ሲለብሰው ያ ቦታ ባዶ ከረጢት ይሆናል። አክስቲቱን ስታመሰግኑ የልጁን ቁመትና ወገብ በሴንቲ ሜትር ጻፉላት። ዕድሜውን ባትነግሯትም ይቀራል።

ልጁን አስቁሞ መለካት እኔ ከተውኩት ቆይቷል። ወገቡን ተኝቶ ሳለ በክር ለኩት። ለርዝመቱ ደህና የሚሆነውን ሱሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከእግሮቹ መገናኛ እስከ ታች ጫፍ በሌላ ክር ለኩ። ሁለቱን ክሮች ይዛችሁ ገበያ ውጡ፤ ሻጭ ከክር ጋር አይከራከርም።

ሱሪውን ገልብጦ አለማየት

የቅዳሜዋን እናት ሱሪ ተቀብዬ ወገቡን ወደ ውጭ ገለበጥኩት። በግራና በቀኝ ከስፌቱ ውስጥ ብቅ ያለ ጠፍጣፋ ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩ ላይ በተርታ የተቀደዱ የቁልፍ ቀዳዳዎች፣ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቁልፍ። ከግራ አራት ቀዳዳ፣ ከቀኝ አራት ቀዳዳ ሳብኩና ቆለፍኩት። ሱሪው ወገቡ ላይ ቆመ።

«ይህ ነገር እዚህ ነበር እንዴ?»

ነበር። ሱሪው ከተገዛ አራት ወር ሆኖታል፤ አራት ወር ሙሉ በእጇ ይዛው ስትዞር። ሒሳብ አልተቀበልኳትም፤ የሰፋሁት ነገር ስለሌለ። ስትገዙ መጀመሪያ ይህን ላስቲክ ፈልጉ። ስትስቡት ደግሞ ግራና ቀኙን እኩል ሳቡ፤ አለበለዚያ ዚፑ ወደ ጎን ይዞራል።

«ቆርጠሽ አሳጥሪልኝ»

እዚህ ላይ መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ልጄ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እንደ አባቷ ሸንበቆ ናት። ለእንቁጣጣሽ ጅንስ ገዛሁላት፤ እኔው የምቆጣበትን «ያድግባታል» ብዬ። ወገቡን አጠበብኩ፣ ከእግሩም ስድስት ሴንቲ ሜትር በመቀስ ቆርጬ ጣልኩ። ቆንጆ ሆነ፤ ጎረቤት ሁሉ አደነቀኝ። ከዚያ ታጠበና ተሰበሰበ። እርሷም በአራት ወር ውስጥ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተመዘዘች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ የእኔ ልጅ ሱሪ ለጥምቀት ሲደርስ ቁምጣ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ!

ከዚያ ወዲህ የመለሎ ልጅ ሱሪ አልቆርጥም። አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት እይዘዋለሁ። ልጁ ሲረዝም እናትየዋ ራሷ ቤቷ ተቀምጣ ክሩን ትፈታለች። ከማጠፌ በፊትም አንድ ጊዜ ታጥቦ እንዲመጣ አዛለሁ። የጥጥ ጨርቅ ከመቶ ሦስት ቢሰበሰብ፣ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይጎድልበታል፤ ለዚህ ዕድሜ ያ የሁለት ወር ግድም የቁመት ዕድገት ነው።

ጅንስ ሲፈታ በእጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። አይለቅም፤ በማጠብ አትድከሙ። ለሴት ልጅ በመስመሩ ላይ ከሽሮ ሜዳ የመጣ ቀጭን ጥለት ዙሪያውን እሰፋበታለሁ፤ ለወንዱ ጠቆር ያለ የጅንስ ቁራጭ። ከጫፉ በታች ከቀጠልኩት ደግሞ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር አተርፋለሁ።

ከኋላ ብቻ ማጥበብ

ይህ የእኛ የልብስ ሰፊዎች ጥፋት ነው። ፈጣን ስለሆነ የኋላውን መካከለኛ ስፌት ብቻ ቆንጥጠን እናጠባለን። እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር አያስታውቅም። ስድስትና ሰባት ሲሆን ሁለቱ የኋላ ኪሶች ይሳሳማሉ፣ የጎን ስፌቱም ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ያህል የሰፋ ከሆነ ከኋላ በኩል ላስቲክ ይግባበት በሏቸው። ላስቲኩም ይመጠን። ሙሉ ዙሪያውን ላስቲክ የሚሆን ከሆነ ለ48 ሴንቲ ሜትር ወገብ 45 ይበቃል። እኔ አንድ ጊዜ «እንዳይወርድ» ብዬ 40 አድርጌ ሰፍቼ የልጁ ሆድ ላይ ቀይ ቀለበት ሠርቶ አየሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ልጁ ከበላ በኋላ ሁለት ጣት ካልገባ ፍቱት።

ቀበቶ

ሰርግ ላይ ባለ ሙሉ ልብስ ሕፃን «ሽንቴ መጣ» ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቱ ቀበቶውን፣ ከዚያ መንጠቆውን፣ ከዚያ ዚፑን ስትፈታ ጉዳዩ ያልቃል። ገና ዳይፐር ለተወ ልጅ ራሱ ወደ ታች ስቦ የሚያወርደው ሱሪ እንጂ ቀበቶ አይገባውም። ቀበቶ ሰፊ ሱሪን ያጠባል ማለትም ስህተት ነው፤ ጨርቁን እንደ ጆንያ አፍ ያጨማድደዋል እንጂ።

መርፌ ቁልፍማ በፍጹም! ተከፍቶ የልጅን ወገብ ሲወጋ አይቻለሁ።

«ምግብ አይበላልኝም እኮ»

ይህን የሱሪ ስህተት ብዬ የምቆጥረው፣ እናቶች ሱሪውን ሳይሆን ልጁን ይዘው ይቅርታ ስለሚጠይቁኝ ነው። ጎረቤት «ምን ታበይዋለሽ?» ብላ አሳቅቃቸዋለች። የኔ እናት፣ ቁመቱ እየጨመረ፣ እየተጫወተና እየሮጠ ያለ ልጅ ሱሪ ሰፋው ተብሎ አያሳፍርም። ባለፈው ወር ልክ የነበረው ሱሪ በዚህ ወር የሚወርድ ከሆነ ግን ወደ እኔ አታምጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ዩኒፎርም

የነርሰሪ ዩኒፎርም በዕድሜ ተቆርጦ፣ በጅምላ ተሰፍቶ ይመጣል፤ ለመለሎ ልጅ እግሩ ያጥራል፣ ወገቡ ይሰፋል። የሚፈታ እጥፋት ከሌለው አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ተቀብላችሁ ወገቡን አስጠብቡ። የምለምናችሁ በነሐሴ መጀመሪያ እንድትመጡ ነው። በጳጉሜን የሚመጣው ሰው ወረፋ ከስፌት ቤቴ በር አልፎ መንገድ ላይ ይደርሳል፤ ያን ሰሞን የመጣችሁ እንደሆነ ተራ ከመያዛችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ የሱሪውን ወገብ ገልብጡና ያንን ላስቲክ ፈልጉ።