የብሪታንያ የሥራ ስፖንሰርሺፕ፦ ከመስማማትዎ በፊት ምን ማጣራት ይገባል?

«ስኪልድ ወርከር» በተባለው፣ ለባለሙያዎች በተዘጋጀው የሥራ ቪዛ ወደ ብሪታንያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ስፖንሰርነት የአሠሪው ግዴታ እንጂ ሠራተኛው በገንዘብ የሚገዛው ነገር አለመሆኑን ነው። ደላላ የሚያቀርብልዎ ማንኛውም ወረቀት በዚህ ይመዘን።

አሠሪው ከሆም ኦፊስ፣ ማለትም ከብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የስፖንሰር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር በብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። በዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ማግኘት ግን ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንዱ ድርጅት የተፈቀደለት ለበጎ አድራጎት ወይም ለሌላ ጊዜያዊ ሠራተኛ ብቻ ስለሚሆን፣ ከስሙ ትይዩ «ስኪልድ ወርከር» የሚል መኖሩን ይመልከቱ። አጭበርባሪዎች በእውነተኛ ድርጅት ስም ስለሚጽፉም፣ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ባገኙት ስልክ ደውለው ቅጥሩን ያረጋግጡ።

ሥራው ራሱም መስፈርቱን ማሟላት አለበት። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ፣ በልዩ ዝርዝር ከተያዙ ሙያዎች በስተቀር፣ ሥራው የዲግሪ ደረጃ ያለው መሆን ይጠበቅበታል። ደመወዙም በመደበኛው መስፈርት በዓመት ከ41,700 ፓውንድ ወይም ለሙያው ከተተመነው ክፍያ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ማነስ የለበትም፤ ለጤና ባለሙያዎችና ለጀማሪ ሠራተኞች ግን ዝቅ ያለ መነሻ አለ። ተንከባካቢዎችን ከውጭ አገር መቅጠር በዚያው ዕለት ስለተዘጋ፣ ዛሬ ከአዲስ አበባ «የኬር ስፖንሰር አለኝ» የሚል ሰው የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

ይህ ከተሟላ በኋላ አሠሪው ስለ ሥራውና ስለ ደመወዙ ሆም ኦፊስን አስፈቅዶ የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ይመድብልዎታል። ሰርተፊኬት ይባል እንጂ በኮምፒውተር የተያዘ መዝገብ ስለሆነ፣ ለቪዛ ማመልከቻው የሚያስፈልግዎ መለያ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በተሰጠ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት ይኖርብዎታል። የእኛ የስም አጻጻፍ ለውጭ አሠሪ ግር ስለሚለው፣ የአባትና የአያት ስም ልክ በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው መመዝገቡን አስቀድመው ያስረዱት።

ስለ ወጪው ቁርጥ ያለ ደንብ አለ። ውጭ አገር ሠራተኛ በመቅጠሩ የሚጠየቀውን ክፍያ አሠሪው ከሠራተኛው ሊያስመልስ አይችልም፤ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የፈቃዱንና የሰርተፊኬቱን ክፍያ ጭምር ራሱ መሸፈን አለበት። በእርስዎ ላይ ሊያርፍ የሚችለው የቪዛ ማመልከቻው ክፍያና በዓመት 1,035 ፓውንድ የሆነው የጤና አገልግሎት ክፍያ ነው፤ በጤና ባለሙያ ቪዛ የሚሄድ ሰው ይህን ሁለተኛውን አይከፍልም።

በእርስዎ በኩል የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ (ብዙውን ጊዜ የታወቀ ፈተና ውጤት) እና ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር አመልካች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማስረጃ ያስፈልጋል። አሠሪው የመቋቋሚያ ወጪዎን እሸፍናለሁ ብሎ ካላረጋገጠ፣ ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ የቆየ 1,270 ፓውንድም ማሳየት ይኖርብዎታል።

ነርሶችና ሐኪሞች አንድ ተጨማሪ ነገር ይያዙ። ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እጥረት ካለባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ስላለች፣ የብሪታንያ አሠሪዎችና ወኪሎቻቸው ከዚህ በንቃት እንዳይመለምሉ የሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክላል። በራስዎ አነሳሽነት በቀጥታ ለሆስፒታሉ ማመልከት ግን አልተከለከለም።

ቪዛው ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ከተቋረጠ ወይም ድርጅቱ ፈቃዱን ከተነጠቀ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 60 ቀን ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ፈቃድ ያለው አሠሪ አግኝቶ በአዲስ ሰርተፊኬት እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል።