ስለራሳችሁ፣ ስለሰፈራችሁና ስለሚያሳስባችሁ ነገር በስልክ ፎቶ እንዴት ትሰራላችሁ (ለተማሪዎች)

የት/ቤት ሚኒ ሚዲያና የፎቶ ክበብ ልጆችን ማገዝ ከጀመርኩ ጥቂት አመታት ሆነኝ፣ እና በየአመቱ መጀመሪያ ላይ "ማንነታችሁን ወይ ሰፈራችሁን በፎቶ አሳዩኝ" ስላቸው የሚያመጡልኝ ነገር ይመሳሰላል። ጀምበር ስትጠልቅ እጁን የዘረጋ ልጅ፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ የተቀመጡ እናት፣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ህጻን። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፣ ጥሩ ፎቶ ይሄ ነው ሲባል ስላዩ ነው፣ ግን ደርድሬ ሳያቸው የትኛውን ማን እንዳነሳው መለየት ያቅተኛል። ስለዚ ከነሱ ጋር ስሰራ ውጤት ያየሁበትን መንገድ ልጻፍላችሁ። ትልቅ ካሜራ አያስፈልግም፣ ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በአይፎን እያነሳ ነው በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት ያገኘው።

ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አልበም አውጡ። አልበም ባይኖር እንኳን ቁምሳጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶ የሌለበት ቤት ብዙም አላጋጠመኝም። ጥቁርና ነጩን፣ ፎቶ ቤት የተነሱትን፣ ከኋላ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ያለውን፣ እናታችሁ በአፍሮ የተነሳችውን ሁሉ ዘርጉትና ከእናታችሁ ወይ ከአያታችሁ ጋር ቁጭ በሉ። ማን አነሳው? ልብሱ የማን ነበር? መኖር ሲገባው ፎቶው ላይ የሌለው ማነው? ገልብጣችሁ ጀርባውንም አንብቡ፣ የድሮ ሰው "ለማስታወሻ ይሁንሽ" ብሎ ቀን ጽፎ ነው ሚሰጠው። አንድ ልጅ፣ አባቱ በኮትና ክራባት የተነሳው ፎቶ ላይ ኮቱ የፎቶ ቤቱ እንደነበረ ያወቀው እንደዚ ሲጠይቅ ነው፣ አባትየው አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ ለእናቱ "ደህና ነኝ" ብሎ ለመላክ የተነሳው ፎቶ ነው። የልጁ ሙሉ ስራ ከዛች ኮት ተነሳ። ሰፈሩ ውስጥ ከክፍለሀገር መጥተው የሚሰሩ ወጣቶችን "ለቤተሰብ የምትልኩት ፎቶ ምን ቢመስል ደስ ይላችኋል?" እያለ ጠየቃቸውና እንዳሉት አድርጎ አነሳቸው፣ ልብሱንም ቦታውንም እነሱ መረጡ።

ከዛ አንድ ጥያቄ ጻፉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። "ማንነት" ወይ "ድህነት" ብላችሁ ከወጣችሁ ስልካችሁ ይሞላል እንጂ ስራ አይወጣችሁም። ጥያቄው ውስጥ ሰው፣ ቦታና ሰዓት ይኑር። "ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እኛ ቤት ሌሊት የሚነሳው ማነው?" "ት/ቤት ስገባ ስሜን ለምን አሳጥራለሁ?" "የእድር ድንኳን ሲተከል ማን ምን ይሰራል?" እንደዚ። ከክበቡ ልጆች የአንዷ ቤተሰብ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገቡት ውስጥ ነው፣ የሷ ጥያቄ "እናቴ አሁን ቡና የምትጠጣው ከማን ጋር ነው?" የሚል ነበር። ስለ ከተማው መቀየር ስንት ነገር ሰምቻለሁ፣ በስኒ የጠየቀ ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

እሷ ያደረገችውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከምክሬ ሁሉ ይሄ ይጠቅማችኋል። በየቅዳሜው ለሁለት ወር ያህል አንድ ቦታ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አነሳች። መጀመሪያ ቀን እናትየው የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ፎቶው የበዓል ፖስትካርድ ይመስላል። በሶስተኛው ሳምንት ካሜራውን ረሳችው። አራተኛው ላይ ልጅቷ እራሷ ሳታስበው ያነሳችው አንድ ፎቶ አለ፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት ስኒ ተደርድሯል፣ የተቀዳው ሁለቱ ብቻ ነው። እናትየው በድሮው ሰፈር ልማድ ነው ስድስት የምትደረድረው። ያንን ፎቶ ሳይ ዝም አልኩ። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ደሞ ከላይኛው ፎቅ አንዲት ጎረቤት ህጻን አዝላ መጥታ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣለች። በአንድ ቀን ሄዳ ቢሆን ከነዚህ አንዱንም አታገኝም ነበር። ስለዚ ቢያንስ አምስት ጊዜ እዛው ቦታ ተመለሱ፣ በተቻለ መጠን ባንድ ሰዓት።

ስለ ብርሃን ብዙ አልጽፍም፣ ሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው። ሌንሱን በጥጥ ልብስ ጥረጉ፣ ፎቶው ጭጋግ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ከጣት ቅባት ነው። ውጪ ከሆነ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ አንሱ፣ እኩለ ቀን ላይ እኛ ሀገር ፀሀይዋ ከአናት በላይ ስለሆነች አይን ስር ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ቤት ውስጥ ፍላሹን አጥፉና በሩን ክፈቱ፣ ሰውየውን ከበሩ በጎን በኩል አስቀምጡት፣ የጭቃ ቤት በር የሚሰጠውን የመሰለ ብርሃን ስቱዲዮ ውስጥ በገንዘብም አታገኙትም። ነጠላ ወይ ነጭ ሻሽ ያደረገ ሰው ስታነሱ ካሜራው በነጩ ይሸወድና ፊት ያጠቁራል፣ ስለዚ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩ፣ እዛው ጣታችሁን ያዝ አድርጋችሁ ቆልፉት፣ ከዛ ብርሃኑን ጨመር ወይ ቀነስ አድርጉ። ዙም ከማድረግ በእግር ጠጋ ማለት ይሻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ፊት ማሳመሪያውን ፊልተር አጥፉት፣ ብዙ ስልክ ላይ ሳታዩት እንደበራ ይቆያልና ቆዳ ያነጣል፣ ጠባሳ ያጠፋል፣ ስለማንነት እየሰራችሁ የሰውን መልክ መቀየር በጣም ያሳዝናል። ስትላላኩ ደሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ፣ ጥራቱ ይቀንሳል፣ እንደ ፋይል ላኩት።

እራሳችሁን ለማንሳት ስልኩን በደብተር ወይ በጀበና አስደግፉና ታይመሩን 10 ሰከንድ ላይ አድርጉት። ፊታችሁ የግድ አይደለም። የአባታችሁን ጋቢ ለብሳችሁ የምትቀመጡበት ቦታ፣ አንገታችሁ ላይ ያለው ማተብ፣ ከወንድማችሁ የወረሳችሁት ዩኒፎርም ላይ የተጠገነው ክርን፣ ቅዳሜ ስትሰሩ የተጎዳ እጅ፣ እነዚህ ሁሉ እናንተን ይናገራሉ። ማፈር ከመጣ ጥሩ ቦታ ደርሳችኋል ማለት ነው፣ ግን ምን ያህሉ ለሰው እንደሚታይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ አስተማሪ ስለጠየቀ ብቻ የማትፈልጉትን አታሳዩ።

ይሄው መብት የምታነሱት ሰውም አለው። የኔ ጥፋት ስለሆነ በግልጽ ልናገር። ተማሪ እያለሁ አንድ ሊስትሮ ልጅ ጫማ ሲጠርግ ከሩቅ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፣ ብዙ ሰው ወደደው። ልጁ ለቤተሰቦቹ ሱቅ ውስጥ ነው የምሰራው ብሎ ነግሯቸው ኖሮ ፎቶውን ያገሩ ልጅ አይቶ ለእናቱ አሳያት። ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝና ምንም ሳይሳደብ "ወንድሜ ብትጠይቀኝ ኮ ሸሚዝ ቀይሬ እነሳ ነበር" አለኝ። ፎቶውን አጠፋሁት፣ ግን እናትየው አይታዋለች። ያ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አይወጣም።

ስለዚ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዛ ማን እንደሆናችሁ፣ ፎቶው ለምን እንደሆነና የት እንደሚታይ ንገሩ፣ የት/ቤት ግድግዳ ነው? ቴሌግራም ነው? ቲክቶክ ነው? እያንዳንዱ የተለየ ፈቃድ ነው። "እማማ ፎቶ ላንሳዎት?" ብላችሁ እሺ ቢሉም የት እንደሚወጣ ካልነገራችኋቸው ፈቃዱ ግማሽ ነው። እድሜው ከ18 በታች ከሆነ ወላጁን ጠይቁ። አንስታችሁ አሳዩት፣ አጥፋው ካለ እፊቱ አጥፉት። ነገሩ ከባድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቤት ውስጥ ስለሚደርስ ዱላ ወይ በወር አበባ ምክንያት ከት/ቤት ስለመቅረት ከሆነ፣ ፊት አያስፈልግም፤ እጅ፣ ጀርባ፣ ባዶ ዴስክ በቂ ነው፣ ግን ከጀርባ የሚታየው ግድግዳ ወይ የዩኒፎርሙ ቀለም ልጅቷን እንዳያሳውቅ አይታችሁ።

ችግር ስታነሱ የሚከብደኝ ሌላ ነገር አለ። እኛ በዓለም ፊት ለረጅም ጊዜ የታየነው በ77ቱ ድርቅ ምስል ነው፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሀመድ አሚን በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ኮረም ላይ የቀረጸው በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አነቃንቋል፣ ብዙ እርዳታም አምጥቷል፣ ግን ከዛ በኋላ ኢትዮጵያዊ ሲባል የሚታየው ያ ፊት ብቻ ሆኖ ስንት አመት ቆየ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. ዎተርኤይድ ለሚባለው የንጹህ ውሃ እርዳታ ድርጅት ስለ ውሃ ስትሰራ አፋር ወዳለው ዳሎል ሄዳ ቀያይና ሰማያዊ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶችን ጨው በረሃው ላይ አቆመች። እንስራው አለ፣ ውሃ ፍለጋው አለ፣ ሴቶቹ ግን ንግስት ይመስላሉ። እንደሷ ስሩ ማለቴ አይደለም፣ ስለ ውሃ ለመናገር ሰውን ማሳነስ እንደማያስፈልግ እዩበት ማለቴ ነው። ቢጫ ጄሪካን የተሸከመች ልጅ ልታነሱ ከሆነ ውሃውን ቤት ካደረሰች በኋላ ምን እንደምትሰራም ተከተሉ፣ ደብተሯን ስትከፍት፣ እህቷን ስታጥብ፣ ስትስቅ።

መንገድ ላይ ለመስራት ከት/ቤታችሁ ማህተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፣ "ለምንድነው ምታነሱት?" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ፖሊስ፣ ወታደር፣ የመንግስት መስሪያ ቤት በር አታንሱ። ቤተክርስቲያንና መስጊድ ጊቢ ውስጥ ሀላፊውን ሳትጠይቁ አታንሱ።

መምረጡ ላይ ብዙ ልጅ ይሸነፋል። 200 አንስታችሁ 8 ወይ 10 ብቻ ነው ሚቀረው። በስክሪን አትምረጡ፣ በትንሹ በርካሽ ወረቀትም ቢሆን ፕሪንት አድርጉና ወለል ላይ ዘርጉ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ምንም ሳትናገሩ አሳዩት፣ ምን እንዳየ ይንገራችሁ። ቆንጆ ሆኖ ለጥያቄያችሁ ምንም የማይል ፎቶ ይውጣ፣ ያማል ግን ይውጣ። ካፕሽኑን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ትግርኛ ከሆነ በትግርኛ፣ ከስሩ አማርኛውን። የቡናዋ ልጅ ከስድስቱ ስኒ ስር የጻፈችው የእናቷን ቃል ነው፣ "ማን እንደሚመጣ ምን ይታወቃል"።

ለኤግዚቢሽን ፍሬም አያስፈልግም፣ ኮሪደር ላይ ሲባጎ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። ዳይሬክተሩና እንግዶቹ ሳይመጡ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ የተነሱትን ሰዎች ጥሩ፣ ቀድመው እነሱ ይዩት፣ ይነሳ ያሉት ካለ ይነሳ፣ ቦታው ባዶ ቢሆንም ችግር የለውም።

ሲያልቅ ፎቶውን ለባለቤቱ ስጡ፣ በስልክ አይደለም፣ 10 በ 15 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ አሳትማችሁ። ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጡትና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት፣ ቀኑን ከነዓመተ ምህረቱ፣ ቦታውን፣ ማን እንዳነሳው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ግን አትደራርቧቸው፣ የታችኛው ፎቶ ፊት ላይ ያትማል።