የድሮ ሞተር ሳይክል ሚኒሞ አልይዝ ሲል

ነዳጅ እየሰጣችኋት እስከሄዳችሁ ድረስ ደህና ናት። ለቀቅ ስታደርጉ ግን ጥፍት ትላለች። ሚኒሞ የምንለው ነዳጅ ሳትሰጡ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆምበትን ዝቅተኛ ዙር ነው። መብራት ላይ በቆማችሁ ቁጥር እጃችሁን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት አትችሉም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መጀመሪያ የሚያደርገው ካቻቪቴ አንስቶ የሚኒሞውን ብሎን ማጥበቅ ነው። ብሎኑ የሞተሩን ዙር (ፍጥነቱን) ከፍ ያደርገዋል፣ ችግሩን ግን አይነካውም። እባካችሁ ካቻቪቴውን አስቀምጡትና መጀመሪያ መቼ እንደምትጠፋ ልብ በሉ። ስትቀዘቅዝ ነው? ከሞቀች በኋላ ነው? ወይስ ሁሌም?

ያለ ቾክ አልቆምም ካለች

ቾክ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛው መሳቢያ ነው። ያለ እሱ ካልቆመች ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚኒሞ ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን ነው። ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን በዚህች ጂግለር በኩል ነው የሚመጣው፣ ቀዳዳዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ሞተር ሳይክሏ ለወራት ሳትነሳ ከቆመች ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነገር ትቶ ይሄዳል። ትልቁ ጂግለር ይህን ይችለዋል፣ ትንሿ ግን ትደፈናለች። በፍጥነት ስትነዱ ምንም የማይሰማችሁ፣ ቾክ ስትስቡም የሚሻላት ለዚህ ነው።

መፍትሄው መፍታት ነው። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፣ ከእሳት ራቅ ብላችሁ የካርቡሬተሩን የታች ሳህን አውርዱ፣ ጂግለሯን ፈትታችሁ ወደ ብርሃን ያዟት። ክብ፣ ጥርት ያለ ብርሃን ካልታየ ተደፍናለች። በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፏት፣ ከዚያ በአየር ንፉባት። መጎርጎር ግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ተጠቀሙ። የብረት ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል፣ ከሰፋች ደግሞ መቀየር እንጂ መመለስ የለም።

ጂግለሯን ብቻ አጽድታችሁ እንዳትገጥሙ! እኔ ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጽድቼ ለውጥ አጥቼ ነበር፣ ለካ የተደፈነው ከጂግለሯ በላይ ያለው የካርቡሬተሩ አካል ውስጥ የሚያልፈው መስመር ነው። መነጽር አድርጉና ማጽጃውን በጂግለሯ ቦታ ወደ ውስጥ ርጩ፤ ሞተሩን በሚያየው በኩል ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካልወጣ ገና አልጨረሳችሁም። ላስቲኮቹን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ማጽጃው ያሳብጣቸዋል።

ስለ ብሎኖቹም ልንገራችሁ። ሚኩኒና ኬይሂንን በመሳሰሉ የድሮ የጃፓን ካርቡሬተሮች ላይ ያለው መስቀለኛ ብሎን ጄአይኤስ የሚባለውን የጃፓን ደረጃ የተከተለ ነው። በተለመደው መስቀለኛ ካቻቪቴ ስትታገሉት ጭንቅላቱ ይላጣል፣ ስለዚህ ልኩን ካቻቪቴ ፈልጉ።

ዙሩ ከፍ ብሎ አልወርድም ካለ

ይሄ የሌላ በሽታ ምልክት ነው፤ የሆነ ቦታ ያልተፈለገ አየር እየገባ ነው። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ተመልከቱ። በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ጎንበስ ካላሉ የማይታየው ከሥር ነው። ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን ውሃ በስሱ ርጩበት። ዙሩ ከተለወጠ ቀዳዳውን አገኛችሁት። ማጽጃ ወይም ቤንዚን የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ አትርጩ፣ ይቀጣጠላል። ጎማውን ቀይሩት፤ በማጣበቂያ መለጠፍ ብዙ አያቆይም።

ከዚያ በፊት ግን መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት። ስታዞሩ ዙሩ ከጨመረ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሯል ማለት ነው፣ ትንሽ አላሉት።

ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለ

ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) አውጡ። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን፣ የአየር ፊልትሮው አለመታፈኑን፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ውስጡ ቤንዚን አለመግባቱን እዩ። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ ስር ነቅንቁት፣ ውስጡ ከተንቦጫረቀ ቀይሩት።

ስትሞቅ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ

ካርቡሬተሩን ተዉት። መጀመሪያ የቫልቮላውን (የሞተሩን የአየርና የጭስ በር የሚከፍትና የሚዘጋውን) ክፍተት ለኩ። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቮላው ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም፣ እመቃውም (ሞተሩ ውስጥ ድብልቁ የሚጨመቅበት ኃይል) ይወርዳል። ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳ መገናኛ) ያላት ከሆነች እሱንም ፈትሹ፣ ደካማ እሳት በዝቅተኛ ዙር ራሱን ያጋልጣል። በካርቡሬተር ስም የሚፈታው ብዙ ችግር ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ነው።

አሁን ካቻቪቴውን አንሱ

ለአስር ደቂቃ ያህል ንዷት፣ በደንብ ትሙቅ። የቤንዚንና የአየር ድብልቁን የሚያስተካክለው ብሎን ካርቡሬተሩ ላይ የት እንዳለ እዩ። በአየር ፊልትሮው በኩል ካለ የአየር ነው፣ ስታጠብቁት ቤንዚኑ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ካለ የቤንዚን ነው፣ ስታጠብቁት ቤንዚኑ ያንሳል። ይሄን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ብሎኑን ቀስ ብላችሁ እስኪነካ አስገቡት፣ ጫፉ እንደ መርፌ ስለሆነ አትጫኑት፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል መልሱት። በሩብ ሩብ ዙር እየሞከራችሁ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ያዙ፣ ከዚያ በሚኒሞው ብሎን ዙሩን መመሪያው ወዳለው አውርዱት። በብዙዎቹ በደቂቃ ከ1000 እስከ 1500 ዙር መካከል ነው።

ነዳጅ ቶሎ ሰጥታችሁ ልቀቁት። ወዲያው ወርዶ ከቆመ ደህና ነው። ከሚኒሞ በታች ወርዶ ከተመለሰ ቤንዚን በዝቷል። ላይ ተንጠልጥሎ ከዘገየ አንሷል፤ የድብልቁን ብሎን ሩብ ዙር አስተካክሉና ደግማችሁ ሞክሩ።